ከአይዳ ቆርቆሮ የተገኙ ግማሾች

የአይዳ የለቅሶ ድንኳን ሳይፈርስ ኢንስፔክተር አዲሳለም ሽሮ ሜዳ ከልጅቷ አባት ከሸማኔው ከካሣዬ ግቢ ደረሰች። ያስጠሯት የሟቿ አያት እማማ ዘውድነሽ ናቸው። ልጅቷ በትኩሳትና በትውከት አንድ ሌሊት ተሰቃይታ ስታልፍ አሮጊቷ ጣታቸውን የቀሰሩት በእንጀራ እናቷ በየዓለምወርቅ ላይ ነው።

«ክኒኑን መርዛብኝ ነው» አሉ ኢንስፔክተሯን ወደ ጓዳ ስበው።

አይዳም ታናሿ ሲናም ከኩላሊት በላይ ያለችው አድሬናል የምትባል እጢ አትሠራላቸውም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያቆማቸው በየቀኑ የሚውጡት ክኒን ነው። እማማ አሁን የክኒኑን ቆርቆሮ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ሲናን በጋቢ ጠቅልለው፣ ማንም እንዳይነካብኝ ብለዋል። አንዷን ቀብረዋል፤ ሁለተኛዋን ከየት ያመጣሉ? ልጅቷ ግን ጭናቸው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ እየተዝለፈለፈች ነው። የአስከሬን ምርመራው ውጤት ደግሞ ገና አልመጣም።

አዲሳለም መጀመሪያ ባለፋርማሲውን ሙንዲርን አነጋገረች። ክኒኑ እንደታሸገ መሸጡን፣ እሽጉንም እዚያው ፊቱ የፈታችው ራሷ አይዳ መሆኗን ነገራት። ቀጥላ ወደ የዓለምወርቅ ዞረች።

«ከመታመሟ በፊት ምን አየሽባት?»

«ጨው በእፍኟ ትልስ ነበር። ተይ ስላት ትስቅብኛለች። ፊቷም እየጠቆረ ነበር።»

«ገበያ ለገበያ ፀሐይ ላይ ስታውያት አይጠቁር?» አሉ እማማ።



ካሣዬ ከሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ከራሱ በላይ ስልኩ በሻሽ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ለምን ተጠቀለለ?»

«ብናኝ እንዳይገባበት ነው። ስሠራ ዓይኔ ከጥለቱ አይነሳም፤ ጆሮዬ ብቻ ነው ሥራ ፈት።»

ስልኩን አስከፈተችውና ብዙ ቆየችበት። ከዚያ እማማን ለምና ቆርቆሮውን፣ በእጃቸው እንደያዙት፣ አስከፈተቻቸው። ውስጡን አይታ ሁሉንም ወደ ቤት ጠራች።

«እማማ፣ ሁለቱም የሚውጡት ከዚህ ቆርቆሮ ነው። መርዝ ቢኖርበት ሲናም አብራ በታመመች። እስከ ቀብሩ ድረስ ስትሮጥ ነበር። መቼ ደከመች?»

የዓለምወርቅ በቀስታ «ቆርቆሮውን ከወሰዱ ወዲህ» አለች።

«ጨው መላስና መጥቆር ደግሞ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ሰውነቷ መድኃኒት አንሶት ሲጮህ ሰንብቷል። እዩት፣ ቆርቆሮው ውስጥ በጥንቃቄ የተቆረጡ ግማሾች አሉ። ሙንዲር የሸጠው ሙሉውን ነው። የዓለምወርቅ ጎህ ሲቀድ ነጠላ ልትሸጥ ትወጣለች። ጠዋት ጠዋት ክኒን የሚሰጠው ማነው?»

ሁሉም ወደ ካሣዬ ዞሩ።

«ክኒኑ አጥንቷን እንዳይበላት ብዬ ነው» አለ። «ስልኩ ላይ የሰማሁት ሐኪም ቀስ እያላችሁ ቀንሱ አለ። ለአይዳ ነገርኳት፣ እሺ አባዬ አለችኝ። እሷ ደህና ስትሆን ለሲናም ልቀንስ ነበር።»

አዲሳለም ካሣዬ ስልክ ላይ ያገኘችውን ቪዲዮ ከፈተች። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው በሚያባብል ድምፅ ስለ ክኒኑ ጉዳት ይተነትናል። ከዚያ ድምፁን አጥፍታ እንደገና አስጀመረችና እማማ ዓይን ሥር ያዘችው። እታች ደቃቅ ጽሑፍ ብልጭ ሲል አስቆመችው።

«ያንብቡልን።»

እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ተማሪነታቸው ጊዜ አነበቡ።

«ይህ ምክር... እጢያቸው ለማይሠራ ሰዎች... አይደለም። ክኒኑን ቢቀንሱ... ይሞታሉ።»

ካሣዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያ ጽሑፍ ድምፅ አልነበረውም፤ ዓይኑ ደግሞ ጥለቱ ላይ ነበር።

እማማ ቆርቆሮውን ከፈቱ። ለየዓለምወርቅ ዘረጉላት።

«ሙሉውን ስጫት፣ ልጄ።»

ሲና ዋጠች፤ ወዲያው አስመለሰችው።

«አሁን ክኒን አይበቃትም፤ መርፌ ነው የሚያስፈልጋት» አለች አዲሳለም። «አንሷት፣ መኪናው ደጅ ነው።»

መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ የልጅቷ ራስ የዓለምወርቅ ጭን ላይ፣ እግሯ እማማ እቅፍ ውስጥ ነበር። እማማ እንደርስላት ይሆን ብለው ጠየቁ። ኢንስፔክተሯ ሾፌሩን ሳይረኑን እንዲከፍት አዘዘችው።

የሲና ከንፈር ተንቀሳቀሰ። የዓለምወርቅ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ምን አለች?» አሉ እማማ።

«ጨው ስጡኝ ትላለች።»