ኔሬይዳ ትከሻ ላይ ያረፈችው ወፍ

ወፏ ከዛፉ ወርዳ ኔሬይዳ ትከሻ ላይ ስታርፍ፣ ጀልባ የሚጠብቁት እንግዶች ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ደረቷ ብርቱካን የመሰለ፣ ክንፏ የጠቆረ፣ ቱርፒያል የምትባል ዘማሪ የዱር ወፍ ነበረች። የኔሬይዳን ጸጉር በምንቃሯ ሳብ ሳብ አድርጋ ጆሮዋ ሥር አፏጨች።

«እንዳትነቃነቂ!» አለ ኤሊየሰር በሹክሹክታ። የረግረጉን ወፎች እንዲቆጥርና እንዲጠብቅ ወደ መንደሩ ከተላከ ሦስተኛ ወሩ ነው። ከመጣበት ቀን ጀምሮ ወንዙ ዳር ማንጎ ከምትሸጠው ከኔሬይዳ ላይ ዓይኑን መንቀል አልቻለም። «የዱር ወፍ ሰው እንዲህ ስትቀርብ አይቼ አላውቅም። ደግ ልብ ታውቃለች ማለት ነው።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ወፏ በረረች። የኔሬይዳ ጉንጭ ጋለ። ሰው ሁሉ የተሽኮረመመች መሰለው።

እሷ ግን ወፏን ታውቃታለች። ባለፈው ዓመት ጫጩት ሳለች ዛፍ ላይ ወጥታ ከነጎጆዋ ያወረደቻት ራሷ ኔሬይዳ ናት። አብረው የወረዱት ሁለት ጫጩቶች በሳምንቱ ሞቱ። ይህቺን በማንኪያ እያጎረሰች ስምንት ወር በሽቦ ቤት አቆየቻት። አባቷ ዶን አቡንዲዮ ለገበያ ሊወስዷት ሲሉ አመለጠች።

ወሬው መንደሩን አዳረሰ።

«እመቤቴ ቅድስት፣ ለእኛም ጸልዪልን እንጂ!» አለቻት ዓሣ ሻጯ ዶሪስ እየሳቀች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ «ያ ሞኝ የአባትሽን ጓሮ ያየ ዕለት ምን ይውጥሽ ይሆን?»

ኤሊየሰር በዚያው ሳምንት፣ «ለእናቴ ነገርኳት። ቶሎ አግባት አለችኝ» ሲላት፣ ኔሬይዳ ከዚያ በላይ መሸከም አቃታት።

«ና፣ ቤታችንን ላሳይህ» አለችው።

ጓሮው ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ወፍ የተዘጋባቸው አሥራ አንድ የሽቦ ቤቶች ተደርድረዋል።

«የአባትሽ ናቸው?»

«አባዬ ጉልበቱን ያመዋል። ዛፍ የምወጣው እኔ ነኝ። ያቺም ወፍ ደግነቴን አይታ አይደለም፤ ርቧት ነው። ያጎረሳትን እጅ ፈልጋ።»

ኤሊየሰር ወደ ሽቦ ቤቶቹ ቀረብ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው። እሷም ከመሬት ቀና ማለት አልቻለችም።

«አውቄ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«የወፏን ጭራ ሽቦ ፍቆታል። ገና ሳያት ነው የገባኝ። ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ፤ ከነገርሽኝ ደግሞ ሥራዬን መሥራት ሊኖርብኝ ነው። አንቺን ከማጣ ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዋሸሁ። ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ሥራህን ሥራ» አለችው። «ግን ከአባዬ ስም በፊት የእኔን ጻፍ።»

የሪፖርት ደብተሩን አውጥቶ የእሷን ስም አስቀድሞ ጻፈ።

ሐሙስ ዕለት መኪና መጥቶ ወፎቹን ወሰደ። ኔሬይዳ ስድስት ወር የታመሙ ወፎች ማገገሚያ ውስጥ ኩስ እንድትጠርግ ተፈረደባት። ኤሊየሰር በየቀኑ አመሻሹ ላይ በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ብዙ ሳያወሩ አብረው ይመለሳሉ። ዶን አቡንዲዮ ግን ሁለቱንም አኮረፉ። ልጃቸው ኤሊየሰርን ስታገባም ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሥርዓቱ ሲያልቅ እያነከሱ ወደ ሙሽራው ሄዱ።

«አንድ ነገር ሳትጽፍ ቀርተሃል» አሉት፣ ልጃቸውን ማየት እየፈሩ። «መጀመሪያ ዛፍ ላይ የሰደድኳት እኔ ነኝ። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እያለቀሰች ነው የወጣችው።»

ኔሬይዳ አበባዋን ለዶሪስ ሰጠችና የአባቷን አንገት አቀፈች።