የአባባ በሺር ትንፋሽ

«አብሽሪ፣ ሞልቸዋለሁ» አሏት አባባ በሺር።

አልማሉም።

ፈትሂያ የተነፋውን የኳስ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ዘንቢሏ ውስጥ ከጎመኑ ሥር ከተተችው። በኮምቦልቻ መናኸሪያ ግርግር ማንም ልብ አላላቸውም። እሷ ለአንድ መጋዘን ሠራተኞች ምሳ አቅራቢ፣ እሳቸው የመጋዘኑ ዘበኛ። በስለላ መሥሪያ ቤቷ ግን የምስጢር ስሟ «ሸማኔ» ነው።

መጋዘኑ ሥር በድብቅ ጥይት የሚሠራበት ምድጃ አለ ይባላል። ለጉልበት ሥራ የገቡ ሁለት ልጆች እንደተኙ ቀርተዋል። ሳህናቸውን ዛሬም የምታጥብ ይመስላታል። አለቆቿ ግን ያለ ማስረጃ ንቅንቅ አይሉም፤ ማስረጃው ደግሞ አባባ በሺር በከመነዳሪው እንዲሞሉላት የለመነቻቸው የምድር ቤቱ አየር ነው።

ወደ ደሴ የያዘችው ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣ አንድ ነገር ከነከናት። ሽማግሌው ስለ ሽንኩርት እንኳ «ወላሂ» ሳይሉ አያወሩም። ዛሬ ምነው?

ደሴ ላይ የቤተ ሙከራዋ ባልደረባዋ ወንጌላዊት አየሩን ወደ መሣሪያው አስገባችው። ኢንፍራሬድ የሚሉት የማይታይ ብርሃን በጋዙ መሐል ያልፋል። እያንዳንዱ ጋዝ ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ይውጣል፤ የጎደለው ብርሃን ማን ምን ያህል እንደዋጠው ይናገራል።

«ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በዝቷል፤ ትንፋሽ ነው» አለች ወንጌላዊት። «በአፉ ነፍቶ ሰጥቶሻል።»

ፈትሂያ ተሸጣለች።

«ቆይ!» ወንጌላዊት መሣሪያው ባወጣው መስመር ላይ ያለች ትንሽ መንታ ጉብታ አሳየቻት። «ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የከሰል ጭስ መርዝ። ያጨሳል?»

«ሲጋራ ሲያዩ እንኳ ይሸሻሉ።»

«እንግዲያው ደሙ ውስጥ ገብቷል። ከሥሩ እሳት ይነዳል። በር ላይ የሚያድረው እንዲህ ከሆነ፣ ታች ያሉትን አስቢያቸው።»

አፋቸው የደበቀውን ሳንባቸው ተናገረ።

የአለቆቿ ትእዛዝ ወዲያው መጣ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ እንገባለን። ሸማኔ ትሰወር። ስልክ ክልክል ነው።»

ደወለች።

«አባባ፣ የሰጡኝ ትንፋሽዎን ነው።»



«አፉ በይኝ ልጄ። ባለመጋዘኖቹ ነቁብን፤ ልጄን ከሊድን ከሌሎቹ ልጆች ጋር ታች ቆልፈውበታል። ተራ አየር ሞልተህ ስጣት፣ አለዚያ ልጅህን ቅበር አሉኝ።»

«መርዙ እርስዎም ውስጥ ገብቷል። አሁኑኑ ከዚያ ይውጡ። ወላሂ እወጣለሁ ይበሉኝ!»

«ወላሂ፣ ልጆቹን አወጣቸዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ስለ ራሳቸው አልማሉም።

ፖሊሶች ሲደርሱ ከሊድና ጓደኞቹ ደጅ ተጋድመው ይስሉ ነበር። ምድጃውም ጥይቱም ተያዘ። አባባ በሺር ግን ቁልፉን በመዶሻ ሰብረው፣ የመጨረሻውን ልጅ ወደ ላይ ከገፉ በኋላ ደረጃው ላይ ቀርተዋል።

«ግዳጁ ተሳክቷል» ተባለ። ፈትሂያ የምትባል ምሳ አቅራቢ ከእንግዲህ የለችም።

በማግስቱ፣ ሐርቡን ባለፈ አውቶቡስ ውስጥ ሌላ ስም የያዘች ሴት ተቀምጣለች። ከምርመራው የተረፈውን ትንፋሽ አስተንፍሽው ብላት ነበር ወንጌላዊት። አልቻለችም። ከመነዳሪው ጭኗ ላይ ቀስ እያለ ይጎድላል።

«ኳሱ ለልጅሽ ነው?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠች እናት።

«የአባቴ ነው» አለች።

የአፉን ክር አጥብቃ አሰረችው።