ፌርማታ በበራችን ላይ

«ይቺ ደግሞ ለምን ተጠማዘዘች?» አለች ዕቅድ አውጪዋ፣ ጣቷን ካርታው ላይ እንዳሳረፈች።

ክፍል ውስጥ ቀጭኔ የሚሏት ልጅ አንገቷን ቀበረች፤ በዚያ ቁመቷ መደበቅ ግን አልሆነላትም። ሴትዮዋ ከከተማው አውቶቡስ ድርጅት ነው የመጣችው። ከትምህርት ቤቱ ሰፈር እስከ ገበያ አዲስ መስመር ሊጀመር ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ መንገዱን እንዲያሰምሩ ካርታ ሰጥታቸው ነበር። ዛሬ ልትወስደው ነው። የተጠማዘዘችው መስመር የምታልፈው በቀጭኔ ቤት በር ላይ ነው።

«እዚያ ጋ... ሰው ይበዛል» አለች ቀጭኔ።

«ማን? አንቺና እናትሽ?» አለ ከኋላ፣ አፉ ስለማያርፍ ራዲዮ የሚሉት ልጅ። ክፍሉ አውካካ።

«የአንተስ? አውቶቡሱ የአጎትህን ፀጉር ቤት የሚዞረው ሊቆረጥ ነው?» አለችው ቀጭኔ።

ለካ ሁሉም ያው ነው። ካርታው ከቤት ቤት ሲዞር ስለሰነበተ፣ እያንዳንዱ መስመሩን ወደ በሩ ጎተት አድርጎታል። ሲያዩት የተተረተረ ሹራብ ይመስላል።

ዕቅድ አውጪዋ አልተቆጣችም። ሜዳ አውጥታቸው መስመሩን በኖራ አሰመረችና ራዲዮን ሹፌር አደረገችው። ሌሎቹ ተሳፋሪ ሆነው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ተከተሉት። በየበሩ ይቆማሉ፤ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይሳፈራል፣ ራዲዮም በአፉ ጡሩምባ ይነፋል። አብረዋቸው የተነሱት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባልዲያቸውን ይዘው በቀጥታ ሄዱና፣ ገበያ ነው የተባለውን ዛፍ ውሃ አጠጥተው ተመለሱ። አውቶቡሱ ገና ፀጉር ቤቱ ጋ ነበር።

«እኔስ በእግሬ ይሻለኛል» ብላ አንዷ ተሳፋሪ ወርዳ ሄደች።

ክፍል ሲመለሱ ዕቅድ አውጪዋ ካርታው ላይ ላጲስ አስቀመጠች። «ማን ይጀምር?» ስትል ሁሉም ኮርኒሱን ማየት ጀመረ።

ቀጭኔ እናቷን አሰበች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጉልበቷን እያመማት የጨርቅ ጥቅሏን ተሸክማ እስከ ዋናው መንገድ ትሄዳለች። አውቶቡስ በራችን ላይ ሊቆም ነው ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። በዚህ አውቶቡስ ከሄደች ግን ገበያ የምትደርሰው ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው። ላጲሱን አነሳችና የራሷን ጥምዝ አጠፋች።

ራዲዮ በረጅሙ ተነፈሰ። «አምጪው እስቲ። አጎቴ እንደሆነ ዛሬ ይላጨኛል።»

ቤት ስትደርስ እናቷ አግዳሚ ወንበር በር ላይ አውጥታ ትወለውላለች።

«ለተሳፋሪዎቹ ነው» አለች። «ቆመው ይጠብቁ እንዴ?»

«እማ፣ እዚህ አይቆምም። እኔ ነኝ የሰረዝኩት። በየሰው በር ከቆመ ገበያ አያደርስሽም። በዋናው መንገድ ነው የሚያልፈው።»

እናቷ መወልወሏን ተወች። ከፍቷታል፤ ፊቷ ያስታውቃል።

«ጥቅሉን እስከዚያ ድረስ እኔ እሸከምልሻለሁ» አለች ቀጭኔ። «ጠዋት ጠዋት።»

«አንቺ? ጠዋት?»

«አዎ። ቀስቅሺኝ ብቻ።»

እናቷ ለአፍታ አየቻትና ወንበሩን በአንድ በኩል ብድግ አደረገች። «በይ ያዥ።»

«ወዴት ነው?»

«ዋናው መንገድ ነዋ። እዚያስ ቆሜ ልጠብቅ ነው?»

ቀጭኔ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ቁመታቸው ስለማይመጣጠን፣ ወንበሩ ወደ እናቷ እንዳዘመመ ቁልቁል ወረዱ።