ለሆሳዕና የተለመነች በቅሎ

መምህር አፈወርቅ የሞቱት በሰሞነ ሕማማት፣ ማክሰኞ፣ አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ በዋለበት ቀን ነው። እኅታቸው ብርነሽ ከስግደት ተመልሳ የመኝታ ቤቱን በር ብትከፍት፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ አንድ እጃቸው ከአልጋው ተንጠልጥሎ አገኘቻቸው። ራስጌያቸው የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። የክፍሉ ብቸኛ መስኮት፣ ያቺ ከሁለት እጅ የማትሰፋ ቀዳዳ፣ ከውጭ በባና፣ በወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ተጠቅጥቃለች።

ባናው የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም። ጥቁርና ነጭ የበግ ጠጉር አቀላቅሎ እንደዚያ የሚሸምን በዘመሮ ከተማ ዙሪያ አንድ ሰው ነው፤ ጎረቤታቸው ይታየው። መስኮቷም የምትታየው ከእሱ ግቢ ነው። በዚያ ላይ ቅዳሜ ጧት ገበያ መሃል «ያ ደብተር ካልተቃጠለ ሰውየው ይቃጠላል» ብሎ ሲምል የሰማው ብዙ ነው። በዕለቱ ታሰረ። ሐሙስ ጧት በመኪና ወደ ዞን ይወሰዳል ተባለ። ሚስቱ እፀገነት የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ቀኗን እየጠበቀች ነበር።

ደብተሩ መምህሩ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሲጽፉበት የኖሩት ነው። አሥራ ሰባት አጫጭር ታሪኮች አሉበት፤ ሁሉም ስለ ሞቱ ሰዎች፣ እንዴት እንደሞቱና በሕይወት ያለው ሰው ምን አድርጎ እንደሚያስታውሳቸው። ከፋሲካ በኋላ ሊያሳትሙት ነበር። ሙታኑ የአገሬው ዘመዶች ናቸውና ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ዋና ሳጅን ጥሩሸዋ ረቡዕ ማለዳ ደረሰች። አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን ሳይሆን ኩሽናውን ነው። የምድጃውን አመድ በእንጨት ስትጭር ከካኪ ልባጡ ጋር ያልነደደ የደብተር ቁራጭ አገኘች። በላዩ አራት የልጆች ስም ተራ በተራ ተጽፏል፤ በየስሙ ትይዩ ትንንሽ ምልክት አለ። ቁራጩን በመሐረብ ጠቀለለችው። ከዚያ መኝታ ቤቱ ገብታ፣ ከጠረጴዛው ላይ ዳዊቱን አንሥታ፣ ከሥሩ ያለውን በካኪ ወረቀት የተለበጠ ደብተር ገለጠች። የመጨረሻዎቹን ገጾች ቆማ አነበበች። ዘጋችውና ቦርሳዋ ከተተችው።

«እትዬ ብርነሽ፣ ከሰሉን ማን አስገባው?»

«ራሱ ነዋ። ብርዱ አላስቀምጥ ብሎት። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ስግደት ላይ ነበርኩ።»

«ኩሽናው እኮ ከግቢው ማዶ ነው። ጉልበታቸው አያንቀሳቅሳቸውም ይባላል።»

«ወንድሜን አታውቂውም ልጄ። ያሰበውን ሳያደርግ አይተኛም።»

«ባናውንስ ያውቁታል?»

«የይታየው ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔ በዓይኔም አይቼው አላውቅ፤ ቤቴም ገብቶ አያውቅ።»

ይህን ስትል እጇ ሬሳው የተነሣበትን ባዶ አልጋ ይጠርግ ነበር፤ ምንም የሚጠረግ ነገር ሳይኖር።

ቄስ ገብረየሱስን ሳጅኗ ያገኘቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ነው።

«አባ፣ እርስዎም ደብተሩን አልወደዱትም አሉ።»

«አልወደድኩትም። እንዳይታተም ጸልያለሁ። አሁን ጸሎቴ ራሱ ያስፈራኛል፤ እንዲህ አድርገህ ስማኝ አላልኩም ነበር።»

«ዛሬ ሲቀበሩ ፍትሐት ይደረግላቸዋል?»

«በሕማማት ፍትሐት የለም ልጄ። ዕጣንም አይታጠንም። በዚህ ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ፣ በሆሳዕና ይደርሳል። ደግነቱ መምህር እሑድ ነበሩ።»

«እሳቸው? ቤተ ክርስቲያን?»

«እኔንም ገርሞኛል። አራት ዓመት ደጁን አልረገጡም፤ አንድም በጉልበታቸው፣ አንድም ከእኔ ጋር በመከራከራቸው። እሑድ በበቅሎ መጡ። ሳወርዳቸው እግራቸው ኮርቻው ላይ በተነጠፈው ባና ተጠላልፎ ሁለታችንንም ሊጥለን ነበር። ‹ፈቅጄ እንዳይመስልዎት አባ፣ በእኅቴ ለቅሶ ተረትቼ ነው› ብለውኝ ሳቁ።»

ሳጅኗ አልሳቀችም። በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ሄደች።

«ገድለሃል?» አለችው ይታየውን።

«አልገደልኩም። ግን ሞተ ሲሉኝ አንዴ ደስ አለኝ፤ እሱን አልክድም። አባቴን ‹የድንበር ድንጋይ እንዳንቀሳቀሰ ሞተ› ብሎ ጽፎታል። የሚወለደው ልጄ ይኼን ሊያነብ ነው።»

«ታሪኩን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ራሳቸው ሰጥተውኝ ቤቴ አሳድሬዋለሁ። ‹አንብበውና ስህተት ካለው ንገረኝ› ብለው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው አይደሉ?» አንዴ «እሱ» አንዴ «እሳቸው» እያለ አንገቱን ደፋ።

«በቅሎህ እሑድ የት ነበረች?»

«እትዬ ብርነሽ ቅዳሜ ማታ መጥታ ለመነችኝ። ለቤተ ክርስቲያን ነው እያለች እንዴት እምቢ እላለሁ?»

«በደኅና መለሰችልህ?»

«በቅሎዋን አዎ።»

«ይኼን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ወንድሟ ሞቶባት እያለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ስለ ባና ልክሰሳት?»

መምህሩ ከቀትር በኋላ ተቀበሩ። ሰው ሲበተን ሳጅኗ አራት ሰዎችን በሟቹ ግቢ አስቀረች፤ ብርነሽን፣ ቄሱን፣ በፖሊስ የታጀበውን ይታየውንና ሚስቱን።

«ነገ ጧት አንድ ሰው በመኪና ይሄዳል» አለች። «ትክክለኛው ሰው እንዲሆን ስሙኝ። መምህርን የገደላቸው የከሰሉ አየር ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ በቅሎ የሚያስፈልጋቸው ሰው፣ የጋለ ምድጃ ተሸክመው ግቢ አያቋርጡም። ከሰሉን ያስገባው ሌላ ሰው ነው።»

«ይታየው ነዋ!» አለች ብርነሽ።

«መጣሁ እትዬ። ገዳዩ ደብተሩን ፈልጎታል። ወስዶም ኩሽና ውስጥ አቃጥሎታል። ግን ያቃጠለው ይኼን ነው።» መሐረቡን ፈታች። «መምህር የድሮ ተማሪዎቻቸውን ስም የሚቆጣጠሩበት ደብተር። ሁለቱም በካኪ የተለበጡ ናቸው። ከላይ ግን የአንዱ ‹የተማሪዎች ስም›፣ የሌላው ‹የሙታን ታሪክ› ይላል፤ በትልልቅ ፊደል። አባ ያነባሉ። ይታየው ያነባል፤ ያውም ደብተሩን ይዞ ቤቱ አሳድሮታል። እፀገነት ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። እዚህ ካሉት ሰዎች ፊደል የማይለይ ማን ነው?»

ብርነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ባናውን አይቼው አላውቅም ብለውኛል። እሑድ ግን ወንድምዎ ተቀምጠውበት ሄደዋል፤ አባ እግራቸውን ፈትተው አውርደዋል። በቅሎዋ ስትመለስ ኮርቻው ላይ ምን ነበር፣ እፀገነት?»

«ባዶውን ነው የመጣ። ነገ ትልከዋለች ብዬ ዝም አልኩ።»

«ባናው ከእሑድ ጀምሮ እዚህ ቤት ነበር። ማክሰኞ መስኮቱ ላይ ተገኘ። ይታየውን ያስይዝልኛል ብለው ይሁን፣ ወይ እጅዎ ላይ ስለተገኘ፣ እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

«ብርድ ነው!» ብርነሽ ጮኸች። «እንዳይበርደው መስኮቱን ደፈንኩለት! ከሰሉንም ለብርዱ ነው! እንደሚሞት በምን አውቄ!»

ሳጅን ጥሩሸዋ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

«እንደዚያ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። በቅሎዋ ነው ያስቸገረችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ ብለው አላለቀሱም። ለዚህች ሆሳዕና ብቻ አለቀሱ፤ ወንድምዎን ከሰደበ ሰው ደጅ ሄደው በቅሎ ለመኑ። ለምን? በዚህ ሳምንት የሚሞት ሰው ያለ ፍትሐት እንደሚቀበር ያውቃሉ። እሑድ ዕለት፣ ወንድምዎ በዚህ ሳምንት እንደሚሞቱ ያውቁ ነበር። ነፍሳቸው እንዳትጎዳ አሰቡ፤ ለሥጋቸው ግን አልራሩም።»

ብርነሽ የመለሰችው ለሳጅኗ ሳይሆን ለቄሱ ነው።

«ያለፈው ሐሙስ፣ ‹የመጨረሻው ታሪክ የእናታችን አሟሟት ነው፤ እውነቱን ጽፌዋለሁ› አለኝ። ሰባ ሰባት ነው አባ፤ ረሃቡ። ለእናቴ አድርሺ ብሎ በሶ ሰጠኝ። መንገድ ላይ በላሁት። ስደርስ አፏን ከፍታ አየችኝ፤ ባዶ አቁማዳ ይዤ ቆምኩ። በማግሥቱ ሞተች። ለሰው ሁሉ በሶዬን በልታ፣ መርቃኝ ሞተች እያልኩ ነው የኖርኩ። ይኼ ታትሞ ሊነበብ ነው? ለምኜው ነበር። ‹ተይኝ፣ አርባ ዓመት አፍኜው ነው› አለኝ።»

ሳጅኗ ካኪውን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥታ አነበበች።

«‹በዚያ ዓመት ዓለም ከተማ አስተምር ነበር። አራት ቁና ገብስ ነበረኝ። አንዱን በሶ አድርጌ ለእናቴ በእኅቴ ላክሁ፤ ሦስቱን ለራሴ ደበቅሁ። እኅቴ በመንገድ በላችው። ልጅ ናት፤ ሁለት ቀን በእግሯ ስትሄድ ራባት፤ ምን ታድርግ? እናታችንን የገደላት እሷ የበላችው አይደለም፤ እኔ የደበቅሁት ነው። እኅቴን ባየኋት ቁጥር ልነግራት እየፈለግሁ አልቻልኩም። እነሆ ጻፍሁት።›»

እፀገነት አለቀሰች። የባሏን እጅ ፖሊሱ ሲፈታ እንኳ ቀና አላለችም።

ብርነሽ በጉልበቷ ወደ ቄሱ ሄደች። «አባ፣ መስቀልዎን።»

ቄስ ገብረየሱስ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ላኩ፤ እዚያው ቀረ። «በሕማማት መስቀል አይሳለሙም ብርነሽ። ኑዛዜም የለም። እስከ ቅዳሜ ልትታገሺ ነው።» እሳቸውም ተንበረከኩ።

ብርነሽ ወደ ሳጅኗ ዞረች። «ልጄ፣ እስከ ቅዳሜ አብረሽኝ ትሆኛለሽ?»

«እኔ ካልሆንኩም ሌላ ሰው ይኖራል።»

«የሚያነብ ሰው ይሁን። እዚያ ‹ልጅ ናት› ያለበት ላይ፣ እጄን ይዞ ፊደሉን ያሳየኝ።»