የዳንጋራ የመጀመሪያው አውቶቡስ

«ከድንበሩ ማዶ ኪራይ በግማሽ ነው» አለ ሞሞ ታኒኤላ፣ በዚያ ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ።

ሎሳ ቆጥራለች። ሰኞ በስልክ፣ ረቡዕ በር ላይ ቆሞ፣ ሐሙስ ከመዘምራን ልምምድ መልስ፣ ዛሬ ዓርብ ደግሞ አፉን በካሳቫ ሞልቶ። ሞሞ የእናቷ ወንድም ነው። አንድ ወሬ ካገኘ እንደ ማስቲካ ጣዕሙ ከሄደም በኋላ ያኝከዋል።

«ማን ነገረህ?» አለችው።

«ሁሉም ሰው ያውቀዋል።»

«ሁሉም ሰው ማለት ያ ጎማ የሚሸጠው ጀለስህ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብሰብ!» አለች እናቷ ሜሬዮኒ። የከንፈሯ ጠርዝ ግን ፈገግ ብሏል።

ፈገግታው የመጣው ከእሷ ቀልድ እንዳልሆነ ሎሳ ታውቃለች። ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈው ደብዳቤ ከተነበበ ወዲህ ሜሬዮኒን ፈገግ ያሰኛት ነገር ይኸው የሞሞ ወሬ ብቻ ነው። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ የሳምንቱ ኪራይ ከአምስት መቶ ሃያ ወደ ስድስት መቶ አርባ ዶላር ከፍ ይላል፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ትብብር! በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ፣ ሳውዝፖርት ውስጥ ላለች፣ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ ለሚያይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት።

«ማዶ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ዳንጋራ ላይ ሦስት መቶ ሠላሳ» አለ ሞሞ። «ሦስት ክፍል፣ በረንዳ፣ ጓሮ። አውቶቡሱ ደግሞ...» ከኪሱ የታጠፈ የጉዞ ሰሌዳ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል። አንቺን ሥራሽ በር ላይ አሥራ ሁለት ከሠላሳ አምስት ያወርድሻል። ሥራ የምትገቢው ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት» አለች ሜሬዮኒ።

«በቃ!»

«መንገዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው፣ ሞሞ» አለች ሎሳ።

«ነው! ግን አንዷን ሰዓት ድንበሩ በነፃ ይሰጣታል። እነሱ ሰዓታቸው ከእኛ ይቀድማል አይደል? አውቶቡስ ውስጥ ትተኛለች፤ ስትነቃ ገና ማለዳ ነው።»

ሜሬዮኒ ሳቀች። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። መኪናቸው በገና ሰሞን ጊርቦክሱ ተበላሽቶ በብረት ዋጋ ከተሸጠ ወዲህ የምታምነው አውቶቡስን ብቻ ነው። ወረቀቱን ወደ ሎሳ ገፋችው።

«አንቺ እዪው። የዚህ ቤት ሒሳብ አዋቂ አንቺ ነሽ።»

ሎሳ ወረቀቱን ያዘች። ወደዚያ ከሄዱ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ አምስተኛ ቤቷ፣ አራተኛ ትምህርት ቤቷ ይሆናል። የጀመረችውን አሥረኛ ክፍል ትታ፣ የሌላ ክፍለ ግዛት ትምህርት ከመሃሉ ትጀምራለች። ሊከፋት ይገባ ነበር። ውስጧን ብትዳስሰው ግን የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ነው፤ የራሷ መሆኑን ታውቃለች እንጂ አይሰማትም።

ቅዳሜ ቤቱን ለማየት በሞሞ ፒክአፕ ሄዱ። ድንበሩ ላይ ሲደርሱ የሎሳ ስልክ ከአራት ሰዓት ወደ አምስት ሰዓት ዘለለ።

«ሞሞ፣ አንዷ ሰዓት የት ሄደች?» አለች የሰባት ዓመቷ እህቷ ኪኒ።

«የማዶዎቹ ሰረቋት። ስንመለስ እናስጥላቸዋለን።»

ቤቱ አሮጌ ነው፤ የበረንዳው ጣውላ ሲረግጡት ያቃስታል። ቁልፍ ይዛ የመጣችው ደላላ ሌሎች ሦስት ሰዎች እንደጠየቁት ነገረቻቸው። «እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ካልነገራችሁኝ ለእነሱ እሰጠዋለሁ» ብላ ስልኳን ስትነካካ ሜሬዮኒ አልሰማቻትም። ጓሮውን በእርምጃ እየለካች ነበር።

«ከዚህ እስከዚያ ካሳቫ። እዚህ ጥላው ስር ዳሎ፣ የእኛ ጎደሬ። ኪኒ፣ እዚያ ጥግ ምን እናድርግ?»

«ዶሮ!»

«ዶሮ አለች! እሺ፣ ዶሮ።»

እናቷ ጫማዋን አውልቃ ነበር። ሎሳ እናቷን ባዶ እግሯን አፈር ላይ ያየቻት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞክራ ተወችው። ወደ ውስጥ ገብታ የእሷ ይሆናል የተባለው ክፍል መሃል ቆመች። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ኮረብታ ያሳያል። ደስ ይለኝ እንደሆነ ብላ ትንሽ ጠበቀች፤ ዝም። ያስጠላኝ እንደሆነ ብላ ጠበቀች፤ እሱም ዝም። ከክፍሉ ወጥታ፣ በረንዳውን አልፋ፣ አጥሩ ውጪ ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ጋ ሄደች።

የቆመው ምሰሶ ላይ ያው ሰሌዳ ተለጥፏል። ከዳንጋራ መነሻ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሎሳ አየችው፣ ስልኳን አየች፣ እንደገና አየችው። አንድ ነገር ከጭንቅላቷ ኋላ ቀስ ብሎ መጣ።

ኒው ሳውዝ ዌልስ ሰዓቱን የሚያስቀድመው በበጋ ብቻ ነው። ኤፕሪል ሲገባ ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ የሁለቱም ወገን ሰዓት እኩል ይሆናል። ኩዊንስላንድ ሰዓቷን ነክታ ስለማታውቅ ሰዎቿ ይህን ይረሱታል፤ ሞሞ ረስቶታል፣ እናቷም ረስታዋለች። ድንበሩ የሰጠውን ሰዓት መልሶ ይወስዳል። አሥራ ሁለት ሰዓት የተነሳው አውቶቡስ አንድ ከሠላሳ አምስት ይገባል። ሜሬዮኒ በየቀኑ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ትዘገያለች። ከዚህ በፊት ከነበረችበት ሥራ በሦስት ቀን መዘግየት ነው ያሰናበቷት።

ከሰሌዳው ግርጌ የአውቶቡሱ ድርጅት ስልክ ቁጥር ነበር። ሎሳ አልደወለችም። ቁጥር ቁጥር ነው፤ እሷ ደግሞ መደመር ትችላለች።

«ምን ታያለሽ?» ብላ ጮኸች እናቷ ከጓሮው።

«ምንም።»

እሑድን ሙሉ ምንም እንዳለች ዋለች። ሜሬዮኒ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሌላው ጊዜ ከፍ አድርጋ ዘመረች፤ ሴቶቹ ዞር ብለው አዩዋት። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ለመነች። ኪኒ ለዶሮዋ ስም ታወጣለች፣ ታፈርሳለች፣ ደግሞ ታወጣለች። ሎሳ ሳህን እያጠበች ሆድ ይፍጀው አለች። ትናገር ይሆን? ብትናገር ያቺን ባዶ እግር መልሳ ጫማ ውስጥ ታስገባታለች። ዝም ብትል በኤፕሪል እናቷ ሥራ የላትም።

ይህ ቀላል ሒሳብ ነበር፤ አንድ ጠማማ ነገር ባይኖርበት። ብትናገር እሷም እዚሁ ትቀራለች። እዚሁ ትምህርት ቤት፣ እዚያው ወንበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስሟን የሚያውቁ ሁለት ልጆች ጋ። ታዲያ ልናገር የምትለው ለእናቷ ነው ወይስ ለራሷ? ውስጧን ብትጠይቅ መልስ የለም፤ ድዱ አሁንም ደንዝዟል።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ሜሬዮኒ የሥራ ልብሷን እየቆለፈች ሳለ ሎሳ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«እማ፣ ያ አውቶቡስ በኤፕሪል አያደርስሽም።»

የሜሬዮኒ ጣት ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆመ። «ማለት?»

ሎሳ ወረቀቱን አምጥታ በእርሳስ አሳየቻት። ረጅም አልነበረም፤ ሁለት መስመር። ሜሬዮኒ ሁለቱን መስመሮች ብዙ ጊዜ አነበበቻቸው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቅዳሜ።»

«ፌርማታው ጋ ቆመሽ?»

«አዎ።»

«እኔ ጓሮ እየለካሁ።»

ሎሳ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እናቷ ትቆጣለች ብላ ነበር፤ አልተቆጣችም። የቀሩትን ቁልፎች ቆለፈች።

«አንቺስ? መሄድ ፈልገሽ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እውነቱን።»

«እውነቱ ነው፣ እማ። አላውቅም።»

ሜሬዮኒ ፊቷን አየችው፤ የታመመ ሰው ግንባር ላይ እጅ እንደማስቀመጥ ያለ አስተያየት ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረችው። «ደግ አደረግሽ» አለችና ወጣች። እኩለ ቀን ሳይሞላ ለደላላዋ ደውላ ቤቱን እንደማትወስደው ነገረቻት። ሞሞን ሦስት ቀን ስልኩን አላነሳችለትም።

ቀሪው እንዲህ ሆነ። ስድስት መቶ አርባው ዶላር ከየትም መምጣት ስላለበት ሜሬዮኒ ዓርብና ቅዳሜ የሌሊት ፈረቃ ጨመረች። ሎሳ ኪኒን ትቀሰቅሳለች፣ ጸጉሯን ትጎነጉናለች፣ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ኪኒ ስለ ዶሮዋ ማውራት አቆመች። ኤፕሪል ገባ፣ ሰዓቱ ከማዶ ተመለሰ፣ በሳውዝፖርት ማንም ልብ አላለውም። ሎሳ ብቻ ያን እሑድ ጠዋት ስልኳን አይታ ለራሷ አንገቷን ነቀነቀች። ልክ ነበረች። ልክ መሆን ትንሽ የሚሞቅ ነገር ይመስላት ነበር።

በሜይ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሞሞ ታኒኤላ አንድ እቅፍ የዳሎ ቅጠል ይዞ መጣ። ሜሬዮኒ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ ሶፋው ላይ ከነካልሲዋ ተኝታለች። ሎሳና ሞሞ ወጥ ቤት ተቀምጠው ቅጠሉን ከግንዱ ይለያሉ።

«ያን ቤት የተከራየችውን አየኋት» አለ ሞሞ። «ዳንጋራ ብሎኬት ላራግፍ ሄጄ። ነርስ ናት፤ እዚሁ ሳውዝፖርት ነው የምትሠራው። ጓሮውን ብታዪው! ቲማቲም በቲማቲም።»

«በአውቶቡስ ነው የምትመላለሰው?»

«በአውቶቡስ።»

«የማለዳ ፈረቃ?»

«አንድ ሰዓት ትገባለች፣ እንደ እናትሽ።»

«እሺ» አለች ሎሳ ቅጠል እየበጠሰች። «ስንት ቀን ዘገየች ታዲያ? ኤፕሪል ከገባ ወር አልፎታል። ወይስ አለቃዋ ዘመዷ ነው?»

«ለምን ትዘገያለች?»

«ሞሞ፣ ሙድ አትያዝብኝ። ሰዓቱ ተመልሷላ። አሥራ ሁለት ሰዓት የተነሳ አውቶቡስ...»

«አይ፣ እሱማ የበጋው ነው!» ሞሞ ድምፁ ከፍ አለ፤ አዲስ ወሬ ሲያገኝ እንዲህ ነው። «ሾፌሩ ራሱ ነው የነገረኝ። ሰዓቱ በተመለሰ ማግስት ሰሌዳውን ይቀይሩታል፤ በብርዱ ወራት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው፤ እዚህ የሚደርሰው ያው በሰዓቱ ነው። እዚህ የሚሠሩት ሰዎች አመልክተው፣ ይኸው ስንት ዓመቱ። እዚያ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።»

ሎሳ በእጇ የያዘችውን ቅጠል ክምሩ ላይ አስቀመጠች። ሶፋው ላይ ሜሬዮኒ ተገላበጠች።

«ቀስ ብለህ አውራ» አለችው ሎሳ። «ተኝታለች።»