የማይለወጠው ዝርዝር

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የቡሬው ክሊኒክ ባለቤት የወንዳወቅ ሬሳ ገና ከመርፌ ክፍሉ ሳይወጣ፣ ነርሷ ያምሮት እጇ ካቴና ገብቶ ነበር። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ካርዱ ላይ ሰፍሯል፤ የወጋችው ደግሞ ፔኒሲሊን ነው። ታዲያ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ከፍኖተ ሰላም የተጠራችው ኢንስፔክተር ዘሀራ ግን በጥድፊያ የታሰረ ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል።

«ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

«ራሳቸው ናቸው የከለከሉን!» አለች ያምሮት እያለቀሰች። «‹ኮምፒውተሩ ያውቃል፤ በሽተኛ በጥያቄ አታሰልቹ› ይሉናል። ቶንሲላቸው ተነስቶባቸው ካርዳቸውን ከፍቼ ‹ፔ› ብዬ ስጽፍ ፔኒሲሊን መጣልኝ። የማይስማማ ነገር መምጣት አልነበረበትም! ጡት ያልጣለ ልጅ አለኝ፣ እታለም!»

የኮምፒውተሩን ፕሮግራም መንካት የሚችሉት ሁለት ናቸው። አንዱ የሠራው መልካሙ ነው፤ ባለፈው ወር ወንዳወቅ በሽተኛ ፊት በጥፊ አጩሎታል። ሌላዋ ፋርማሲስቷ አቻምየለሽ ናት፤ ወንዳወቅ ስንት ዓመት ‹አገባሻለሁ› ሲላት ኖሮ ለጥር ሰርግ ከማንኩሳ ሌላ ሴት አጨ። ወይ ጉድ፣ የሚጠላው ሰው አላነሰውም!

«የመድኃኒት መጻፊያው የተከፈተውን ካርድ ቁጥር ለማጣሪያው ይሰጣል» አለ መልካሙ ላቡን እየጠረገ። «ማጣሪያው ለዚያ ሰው የማይስማማውን ይደብቃል። ሰው ሲለወጥ ዝርዝሩም ይለወጣል።»

«እስቲ ሰው ለውጥ።»

ካርድ በካርድ ላይ ከፈተ። ዝርዝሩ ንቅንቅ አላለም። ፕሮግራሙን ሲገልጠው፣ በሚለዋወጠው ቁጥር ቦታ የአንድ ጤነኛ ጎረምሳ ካርድ ቁጥር ተተክሎበታል። ማንም ቢመጣ ኮምፒውተሩ የሚያየው ያንን ጎረምሳ ነው።

«ባለፈው ሰኞ ነው የተነካው! እኔ ግን አይደለሁም!» አለ መልካሙ የተለወጠበትን ቀን እያሳየ።

«እኔስ ስለ ክኒን እንጂ ስለዚህ ምን አውቃለሁ?» አለች አቻምየለሽ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

ዘሀራ ወደ ያምሮት ተመለሰች። «ፔኒሲሊን የማይስማማው ሌላ ደንበኛ አለ?»

«እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ አሉ፤ የአቻምየለሽ እናት። ለእግራቸው ቁስል ሰኞ ሰኞ ለመርፌ ይመጡ ነበር። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ግን ግሽ ዓባይ ጠበል ገብተዋል።»

ዘሀራ እስላም ትሁን እንጂ የቡሬ ልጅ ናት፤ ጠበል የገባ ሰው መድኃኒት እንደማይነካ ታውቃለች። «በራሳቸው ፈቃድ?»

«ኧረ አቻምየለሽ ናት የወሰደቻቸው! ድሮ ጠበል ባነሱ ቁጥር ‹መርፌዎን ይወጉ!› ብላ ስትቆጣ የነበረችው።»

በማግስቱ ዘሀራ ሦስቱንም መርፌ ክፍሉ ሰብስባ የያምሮትን ካቴና ፈታች።

«ቁጥሩን የተከለው ሰው የወንዳወቅ ቶንሲል መነሳቱ እንደማይቀር ያውቃል» አለች። «በመሃል የማንም እናት ብትሞት ግድ የለውም። የራሱን እናት ግን በዚያው ሰኞ አሸሸ፤ መርፌ ወደማይደርስበት።»

መልካሙ ዞሮ አቻምየለሽን አየ።

«እናትን ጠበል መውሰድ ወንጀል ሆነ?» አለች።

«አልሆነም። ይኸው አስመጥቻቸዋለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። ኮምፒውተሩም ከትናንት ወዲህ አልተነካም። ያምሮት፣ የሚመጣልሽን ውጊያቸው።»

ያምሮት ‹ፔ› ብላ ጻፈች። መርፌውን ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። አቻምየለሽ አልቻለችም።

«አትውጊያቸው! ቁጥሩን አልመለስኩትም! ትገድያቸዋለሽ!» ብላ መጋረጃውን ገነጠለችው።

መርፌው ባዶ ነበር። እማሆይ አልጋው ላይ ተቀምጠው ሁሉን ሰምተዋል። ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ለያምሮት ዘረጉላት።

«ውጊኝ ልጄ» አሉ። «እውነተኛውን ፔኒሲሊን።»