ሁለት ጩቤ

ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ አንድ ሳሙና ለጎሚስታው ሰጠው። ሳሙናው ላይ የመጋዘኑ ቁልፍ ቅርጽ ታትሟል።

«እጅህን ታጠብበት።»

ጎሚስታው ሳሙናውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎማው ቀና ሳይል መለሰ።

«ጋሼ ‹ጩቤ ነገ እስኪያልፍ ይጠንቀቅ› ብሏል።»

ጩቤ የሾፌሩ የስለላ ስም ነው። ያወጣለት አለቃው ጋሼ ነው። ከሁለቱና መልእክት ከሚያመላልሰው ጎሚስታ ሌላ የሚያውቀው የለም። ለሌላው ሰው ግን ተራ ሾፌር ነው፤ መሣሪያ በድብቅ የሚነግድ የአንድ ባለ መጋዘን ሾፌር።

ወደ መጋዘኑ ሲመለስ በሩን የከፈተለት ዘበኛው አልነበረም። ባለ መጋዘኑ ራሱ ነው።

«ቤቴ ውስጥ ሰላይ አለ» አለው። «አሁን ተደወለልኝ። ጩቤ የሚሉት ሰው ነው አሉኝ።»

የሾፌሩ እጅ ወደ ማርሹ ሄደ።

አለቀልኝ፣ አለ በልቡ።

«አምስት ዓመት ሙሉ በር ሲከፍትልኝ!» አለ ባለ መጋዘኑ።

ያኔ ገባው። ዘበኛው አፍንጫው ሹል ስለሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ጩቤ ነው የሚባለው። ምሳውን ከሾፌሩ ጋር እየተካፈለ የሚበላ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። አሁን እጁ የፊጥኝ ታስሮ፣ የባለ መጋዘኑ ሰዎች ከበውት መጋዘኑ ውስጥ ሳጥኖቹ መሀል ተንበርክኳል።

«ወንድሜ፣ እስኪ አንተ ንገራቸው! በአፍንጫዬ ነው በላቸው!»

ቁልፉ ገና አልተቀረጸም። ባለ መጋዘኑ የያዘው ሰው ሰላዩ አለመሆኑን ከጠረጠረ፣ መሣሪያው ዛሬውኑ ይነሳል።

«እኔ ምን አውቄ» አለ ሾፌሩ።

«አንተው ንዳ» አለው ባለ መጋዘኑ።

ነዳ። ዘበኛው መንገዱን ሁሉ ስሙን እየጠራ ለመነው። የውሸት ስሙን። ድንጋይ መፍለጫው ጋ ሲደርሱ አወረዱት። ሾፌሩ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ተኩስ ሰማ።

ሞተሩን አስነሳ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ፖሊሶች መጋዘኑን በተቀረጸው ቁልፍ ከፍተው ገቡ። መሣሪያው ተያዘ። ባለ መጋዘኑ በካቴና ወጣ። ሾፌሩም አብሮ ተይዞ ከፖሊስ ጣቢያው በጓሮ በር ተለቀቀ። ጋሼ ቢሮው ውስጥ ይጠብቀው ነበር።

«ስሜን ማን ሸጠው?»

«እኔ» አለ ጋሼ። «ሰላይ እንዳለ ጠርጥረው ነበር። ውለው አድረው አንተ ላይ መድረሳቸው አይቀርም። እዚያ ቤት የገባህ ሰሞን ‹ጩቤ የሚሉት ዘበኛ አለ› አላልከኝም? ስሙን ያወጣሁልህ ለዚህ ነው።»

ሾፌሩ ንዴቱ እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም።

«ሚስት አለችው» አለ።

«እንረዳታለን።»

«ምን ብላችሁ?»

ጋሼ ፋይሉን ዘጋ። ሾፌሩ በውሸት ስሙ የወጣውን መንጃ ፈቃድ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ። ታክሲ ተራው ላይ ሰው ይጋፋል። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ገባና ከኋላ ወንበር ተጨናንቆ ተቀመጠ።

ሂሳቡን ሲቀበለው እንኳ ረዳቱ ፊቱን አላየውም።